በለቅሶው የመረጥኩት ሰፈር

ነፋስ ስልክን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ባሌ አይደለም፤ ቀበሌ አይደለም፤ የባሌ ታላቅ ወንድም ደግሞ በፍጹም አይደለም። እስከ ዛሬ ድረስ የባሌ ዘመዶች አንድ ቤት ሲሰበሰቡ «ያኔ መሀል ከተማ የተገኘው ቤት እኮ…» ይሉና ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ይምጠጡ፤ ከንፈሩ የራሳቸው ነው። እኔ አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ዘመን፣ ያ የግድያው ጊዜ በረድ ካለ በኋላ፣ ባሌ ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። የመሬት ቀያሽ ነበር። መሥሪያ ቤት «ና» ካለ መሄድ ነው፤ ሌላ ምርጫ የለም። የምንሄደው እሱ፣ እኔ፣ ሴቶች ልጆቻችን እና እናቴ ነን። እናቴን መጨረሻ ላይ የጻፍኳት እንዲያው ነው እንጂ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሷ ናት። ወሬውን እንደነገርናት «አልሄድም» አለች።

«ለምን እማዬ?»

«እዚህ ልጄ አለ።»

ልጄ ያለችው ታናሽ ወንድሜን ነው። አብዮት ጠባቂዎች ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ወሰዱት፤ ጠዋት መንገድ ዳር ተጥሎ አገኘነው። አገኘነው ስል አየነው ማለቴ ነው፤ ሬሳውን አልሰጡንም። የት እንደቀበሩት እስካሁን አናውቅም። ከዚያ አንዱ ካድሬ መጣና ደጃፋችን ላይ ቆሞ ማልቀስ ክልክል መሆኑን ነገረን። ጥቁር መልበስ ክልክል፣ ድንኳን መትከል ክልክል፣ ሰው መሰብሰብ ክልክል። በማግስቱ እናቴ እንደማንኛውም ሰው ሰልፍ ወጣች፤ ግራ እጇን አነሳች፤ አጨበጨበች። ከዚያ ቤት ገብታ ለልጆቼ ምሳ አቀረበች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ደሜ ይፈላል።

የባሰው ደግሞ ጎረቤት ነው። ዕድሜ ልካቸውን አብረዋት የኖሩ፣ ልጆቻቸውን በገዛ እጇ ያዋለደችላቸው ሰዎች ደጃፋችንን ተላላፊ በሽታ እንዳለበት ቤት ሸሹት። ሰው ሲጠይቀኝ «አልፈርድባቸውም» እላለሁ፤ ውሸቴን ነው፣ እፈርድባቸዋለሁ። ፈሩ፤ እሺ ይፍሩ። በጓሮ በኩል መጥቶ እጅ መጨበጥም ያቅታል? ከዚያ ወዲህ እናቴ ለማንም ለቅሶ መሄድ ተወች። በእኛ አገር ለቅሶ የማይሄድ ሰው ከሰው ቁጥር ወጥቷል ማለት ነው። ማንም አይጠራትም፣ እሷም ማንንም አትጠይቅም፤ ቤት ውስጥ እንደ ዕቃ ተቀመጠች። ከዓይኗ አንዲት እንባ ስትወርድ አላየሁም።

ባሌ ጓዙን መሸከፍ ሲጀምር አጠገቧ ቁጭ ብዬ ለመንኳት። እኔ ልመና አላውቅበትም፤ ትንሽ ከቆየ ጠብ ይሆንብኛል። «እማዬ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ብቻሽን ትቼሽ አልሄድም፤ ተሸክሜም ቢሆን እወስድሻለሁ» አልኳት።

«እዚያስ ያው አይደል?» አለች። «ሰው ሞቶ የማይለቀስበት ከሆነ እዚሁ ይሻለኛል። እዚህ ቢያንስ መንገዱን አውቀዋለሁ።»

«የሚለቀስበት ሰፈር ካገኘሁልሽስ?»

«ያን ጊዜ መጥቼ አየዋለሁ» አለች። ለጊዜው አክስቴ ዘንድ አድርገናት እኛ ቀድመን መጣን።

አዲስ አበባ ያረፍነው የባሌ ታላቅ ወንድም ቤት ነው። ጋሼ ነው የምላቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሁሉን እኔ አውቃለሁ ባይ ግን ናቸው። የቀበሌ ሰው በዘመድ በዘመድ ይዘው መሀል ከተማ ቤት አስገኝተውልን ጠበቁን። ሄደን አየነው። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ቤቱስ ቤት ነው! ወለሉ ጣውላ፣ ቧንቧው እቤት ውስጥ፣ አስፋልቱ እስከ ደጃፍ፣ የባሌ መሥሪያ ቤት በእግር የሚደረስ። ልጆቼ ቧንቧውን እየከፈቱ እየዘጉ ይስቃሉ። እኔም ልረታ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ወጣ ብዬ ሳይ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ጥቂት ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በሩ ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ ገቢውን ሁሉ «የሟች ምኑ ነህ?» ይላል። ውስጥ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ግቢ ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት ሴት በሯ ላይ ቆማ ነበርና «ማን ነው የሞተው?» አልኳት። ግራ ቀኝ አየች። «እኔ እንጃ እህቴ፣ አላወቅሁም» ብላ በሩን ዘጋችው።

እራት ላይ «ያንን ቤት አልፈልገውም» አልኩ።

ጋሼ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። «ምን ጎደለው?»

«ጎረቤት።»

«ጎረቤት! እንዴት ያለ ጉድ ነው! ሰው በዚህ ዘመን ቤት አገኛለሁ ብሎ ስንቱ እግር ላይ ይወድቃል፣ አንቺ ደግሞ…» ወደ ባሌ ዞሩ። «አንተ፣ ይህቺን ሴት አንድ በላት እንጂ!»

«አንድ ብላት ሁለት ትመልስልኛለች ጋሼ» አለ ባሌ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እናቴን እዚያ አስገብቼ አላፍናትም» አልኳቸው። «አንዴ አፍነዋታል። ይበቃታል!»

ጋሼ ብድግ ብለው መስኮቱን ዘጉ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ አይነገርም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀጥታ አናግረውኝ አያውቁም። አጠገባቸው ተቀምጬ እንኳ ባሌን «ውሃ ታቀብለኝ በላት» ይሉታል። እኔም «እንኩ በላቸው» እላለሁ።

ሌላው ሰው ቤት ሲፈልግ ቧንቧ ያያል፣ ትምህርት ቤት ይጠይቃል። እኔ ለቅሶ ፈለግሁ። ልጆቹን ለጋሼ ሚስት ትቼ ጠዋት አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ ድንኳን ያየሁበት እወርዳለሁ። «ዘመድ ነሽ?» ሲሉኝ «አዎ» ነው። የአዳም ዘር አይደለሁ እንዴ! ብስራተ ገብርኤልን ወድጄው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፣ ዛፉም ደስ ይላል። ግን አጥሩ ረጅም፣ ውሻው ብዙ፤ ከውስጥ ለቅሶ ይኑር ሠርግ ይኑር ከመንገድ አይታወቅም። ሌላ ቦታ ደግሞ ድንኳኑ ጢም ብሎ አገኘሁትና ደስ አለኝ። ትንሽ እንደተቀመጥኩ ሁሉም ሰዓቱን ማየት ጀመረ። የቀበሌ ስብሰባ ነበረባቸው። ከስብሰባ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር እንኳ ሊከለከል ይችላልና እየተነሱ፣ እየተነሱ ሄዱ። የሟች እናት ባዶ ወንበር ታይ ነበር። እኔ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ እየተንጨረጨርኩ ተመለስኩ።

አንድ እሁድ ነፋስ ስልክ ወረድኩ። ምን ልበላችሁ፣ ጭቃ ነው! በአንድ በኩል ፋብሪካና የጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ላፍቶ ድረስ እርሻና ሜዳ። «እዚህ ደግሞ ማን ይኖራል!» ብዬ ልመለስ ስዞር ጩኸቱን ሰማሁ። የታመቀ አይደለም፤ የለቀቀ፣ አንጀት የሚበላ ለቅሶ ነው። እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ሰው ከድንኳኑ ተርፎ ሜዳው ላይ ተቀምጧል። ገበሬው ከነጋቢው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ከነቱታው፣ ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ሁሉም አለ። ሴቶቹ መሀል ላይ ክብ ሠርተው ደረታቸውን ይመታሉ። እኔም እንደ ወጉ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሩቅ እየጮህኩ ገባሁ። ማን እንደሞተ ግን አልጠየቅሁም።

ከአፌ የወጣው «ወንድሜን! ወንድሜን!» ነው።

የሞቱት ለካ የልጅ ልጅ ያዩ አሮጊት ናቸው! ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን አፌ አልመለስ አለ፤ «ወንድሜን» ብዬ የጀመርኩትን «ወንድሜን» ብዬ ቀጠልኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የታፈነችው እናቴ ብቻ ነበር የምትመስለኝ።

አንዲት ጠይም፣ ረጅም ባልቴት ከክቡ ወጥተው ክንዴን ያዙኝ። በኋላ እንዳወቅሁት ከላፍቶ የጥንት ገበሬዎች ወገን ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደ እናት «አዴ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ ሲናገሩ ኦሮምኛውንና አማርኛውን ያፈራርቁታል። ሊያስወጡኝ መስሎኝ ነበር። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «አልቅሺ» አሉኝ። «እዚህ ማን ለማን ነው የሚያለቅሰው ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። አሮጊቷ እንደሆነች ብዙ ተለቅሶላታል፤ ትንሽ ላንቺ ብታካፍል አትቀየምም።»

በዚህ መሀል የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ነዋሪውን ለስብሰባ መጥራት ጀመረ። ቀና ብዬ ሰዉን አየሁ። አንድም ሰው አልተነሳም። እንደገና ጠራ፤ አልተነሱም። ቆይቶ አንድ ወጣት አብዮት ጠባቂ መጥቶ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ቆመ። አዴ ቀና ብለው ሳያዩት «ቀብረን ስንመለስ እንመጣለን በላቸው» አሉት። ልጁ ትንሽ አመነታና ሄደ። እኔ ያን ጊዜ ነው ልቤ የቆረጠው።

ከቀብር ተመልሰን ንፍሮ ስንቆረጥም አዴ «ለመሆኑ የማን ነሽ?» አሉኝ።

«ቤት ፈላጊ ነኝ።»

«ቤት ለቅሶ ውስጥ ይፈለጋል እንዴ?» ሴቶቹ ሐዘናቸውን ረስተው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የእናቴን ነገር ነገርኳቸው። አዴ ሳቃቸውን አቆሙና «አምጫት» አሉኝ።

በአዴ አፈላላጊነት ቤቱ ተገኘ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውሃው ከቦኖ ተቀድቶ የሚመጣ፣ ሲመሽ ጅብ የሚጮህበት። ባሌ ዙሪያውን አየና «ከዚህ መሥሪያ ቤቴ ከምመላለስ ከክፍለ ሀገር ብመላለስ ይቀርበኝ ነበር» አለ። «ቀደም ብለህ ተነሳ» አልኩት። አጉረመረመ እንጂ ከድሮው ቀበሌያችን የተሰጠንን መሸኛ ይዞ ሄዶ አስመዘገበን። ዕቃችንን ስንጭን ጋሼ ለስንብት እንኳ ከቤት አልወጡም። ለልጆቹ ግን ብርድ ልብስ አስይዘውናል፤ ይህንን አልክድም።

እናቴ በክረምቱ መግቢያ መጣች። ገና ከአውቶቡስ ሳትወርድ «ለማየት ነው የመጣሁት» አለችኝ። ያየችውን ሁሉ ናቀች፤ ጭቃውን፣ ጅቡን፣ የፋብሪካውን ሽታ፣ የውሃውን ጣዕም። አዴ ወተት ይዘውላት ሲመጡ ተቀብላ አመሰገነችና በሩን መለስ አደረገችው። ሰው ማመን ትታ ነበር። «መኪና የሚነሳው መቼ መቼ ነው?» ብላ ባሌን ስትጠይቀው ሰማኋት። ከተመለሰች በሕይወት እንደማላገኛት አውቄዋለሁ። እዚያ አክስቴ ቤት ጥግ ላይ ዝም እንዳለች ታልቃለች። እንዳልጮህባት ፈራሁ፤ እንዳልለምናትም አላውቅበትም።

አንድ ማለዳ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ነፊው በየመንደሩ እየዞረ በላፍቶ በኩል አንድ ገበሬ ማረፉን፣ ስሙን ከነአባቱ እየጠራ ይናገራል። እናቴ ጆሮዋን አቀናች።

«ስሙን እንዲህ ጮክ ብሎ ነው የሚጠራው?»

«አዎ እማዬ።»

«ማንም አይቆጣውም?»

«ማን አባቱ ይቆጣዋል!»

ነጠላዋን አነሳችና ቀድማኝ ወጣች። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ያየኋት ከወንድሜ ወዲህ ያን ቀን ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። የሟች ሚስት ባሏን እየጠራች ትጮኻለች፤ ልጆቹ አባታቸውን ይጣራሉ፤ እናቴ ጉልበቷን አቅፋ ታያለች። እኔ እሷን አያለሁ። አልሆነም፣ ትመለሳለች ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል አዴ ከክቡ ወጥተው መጡና ፊት ለፊቷ በርከክ አሉ።

«ልጅሽን ማን ብለሽ ነበር የምትጠሪው?» አሏት።

የእናቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። አዴ አልቸኮሉም። እናቴ እንደገና ሞከረችና ስሙን ተናገረችው። እዚህ አልጽፈውም፤ የእኛ ነው። አዴ ስሙን ከአፏ ተቀብለው ጮሁበት፤ ሴቶቹም ከእሳቸው ተቀበሉ። የሟች ሚስት ሳትቀር የባሏን ትታ ያላየችውን የወንድሜን ስም ጠራች። እናቴ ተነሳች። ሁለት እጇን አንስታ ደረቷን መታች። ከሆዷ የወጣውን ድምፅ ልገልጸው አልችልም። እኔም አጠገቧ ወድቄ ነበር።

ከቀብር መልስ አዴ የእድሩን ዳኛ መንገድ ላይ ያዙት። «ድንኳኑ ከዚህ ተነቅሎ ወዴት ነው?»

«ወደ መጋዘን ነዋ።»

«አይደለም። ወደ እነዚህ ሰዎች ቤት ነው።»

ዳኛው ደንብ የሚያከብር ሰው ነበር። «አዴ፣ ገና አዲስ ገቢዎች ናቸው እኮ፤ ደንቡ አይፈቅድም። ልጁም የሞተው ዛሬ አይደለም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ አሟሟቱ…»

«አሟሟቱ ምን?» አልኩት እኔ ከኋላ። አላስቻለኝም።

ዙሪያውን አየ፤ ሴቶቹ ሁሉ ቆመው ያዩታል። የእናቴ ዓይን አብጧል። ዳኛው ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «እንግዲህ… መርዶ መጣ እንበላ» አለ። መርዶ ሲሆን፣ ሰውየው የሞተው ዱሮም ቢሆን፣ ቤተሰቡ ገና ዛሬ እንደሰማ ተቆጥሮ ሐዘን ይቀመጣሉ፤ አገሩ ሁሉ ይመጣል።

በማግስቱ ማለዳ ጥሩንባ ነፊው የወንድሜን ስም ከነአባቱ እየጠራ በነፋስ ስልክ ጭቃ ዞረ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ስሙ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ በታችኛው መንደር በኩል ተመልሶ መጣ። ባሌ ከሥራ ቀርቶ የድንኳኑን ካስማ ይመታል። ፈርቶ ነበር። ግን መታው። ፀሐይ ሞቅ ሳትል ሰው ግቢያችንን ሞላው። ንፍሮ የያዘ፣ ወንበር የተሸከመ፣ ባዶ እጁን የመጣ። የትናንትናዋ ሐዘንተኛ እንኳ የራሷን ቤት ለጊዜው ትታ መጥታ ነበር። ማንም «በምን ሞተ?» ብሎ አልጠየቀም። ሁሉም ያውቃል። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሀል ተቀምጣለች። ታለቅሳለች፣ ታርፋለች፣ ሰው ሲገባ እንደገና ትነሳለች።

ረፋዱ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። ለቅሶው ቀነሰ፤ ከዚያ ጠፋ። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ አየን፤ ስማችንን በልቡ የሚጽፍ ይመስል ነበር።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ።

አዴ ሊመልሱ ሲሉ እናቴ እጃቸውን ያዝ አደረገቻቸው።

«ልጄ» አለችው።

«መቼ ነው የሞተው?»

የባሌ እጅ ትከሻዬ ላይ አርፏል፤ እንዳልናገር መጫኑ ነው። ምላሴ ላይ የነበረውን ብናገረው ኖሮ ይህን ለመጻፍ የምተርፍ አይመስለኝም። እናቴ ቀና ብላ ሰውየውን አየችው። ሰልፍ ላይ ያጨበጨበችው ሴት አልነበረችም።

«ዛሬ» አለችው። «ቁጭ በል።»

ሊቀመንበሩ ሰዉን አየ፤ ሰዉም እሱን አየው። አንድም ሰው ዓይኑን አልሰበረም። አብዮት ጠባቂዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ቆየና ኮፍያውን አውልቆ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ፊቱን እያየች ማልቀሷን ቀጠለች።